«ዋጋ በውስጥ መስመር»፦ የመኪና ገዢዎች ጥያቄና መልስ

ዘጠኝ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመኪና መሸጫ ሠርቻለሁ። አጣቢ ሆኜ ገባሁ፣ ሻጭ ሆንኩ። መጨረሻ ላይ ፎቶ የማነሳውም፣ ቴሌግራም ላይ የምለጥፈውም፣ ዌብሳይቱን የምሞላውም እኔው ነበርኩ። የዚህ ወር ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የመሸጫዎችን ገጽ የሚያማርሩ ናቸው። አንዳንዱ ጋ ስደርስ አፈርኩ። የሚያማርሩበት ነገር የኔ የእጅ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ መኪናዬን ልገዛ ነው። የመሸጫዎችን ዌብሳይትና ቴሌግራም ሳስስ ሁለት ወር ሞላኝ። ከአሥር ማስታወቂያ ዋጋ የተጻፈበት ሁለት ቢሆን ነው። የቀረው «ዋጋ በውስጥ መስመር» ወይም «ይደውሉ» ነው። ስደውል ደግሞ እነሱ ናቸው የሚጠይቁኝ፤ «በጀትዎ ስንት ነው?» ይሉኛል። ዋጋ መጻፍ ምን ይጎዳቸዋል?
ብ.፣ ከጀሞ

መልስ፦ መጀመሪያ የሚፈልጉት ስልክ ቁጥርዎን ነው። ዋጋ ከተጻፈ አይተው ያልፋሉ፣ ማን እንዳየው አይታወቅም። ካልተጻፈ ይደውላሉ፣ ቁጥርዎም ሻጩ እጅ ይገባል። ያቺ መኪና ባትሆንዎ ሌላ ይዞ ይደውልልዎታል።

ዶላሩም አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ያን ሰሞን ጠዋት የተጻፈ ዋጋ ከሰዓት በኋላ ያስቃል። አስመጪው ለሚቀጥለው መኪና ስንት እንደሚከፍል ሳያውቅ ያለውን አይሸጥም። እውነተኛ ችግር ነበር። ችግሩ ሲረጋጋ ግን ልማዱ አልጠፋም።

ከዚያ ደግሞ ደላላው አለ። አንዲት መኪና በአምስት ሰው ገጽ ላይ ስትዞር አይተው ይሆናል። ያው ፎቶ፣ ያው ጎማ፣ ያው ጥግ ላይ የቆመ ባልዲ። እያንዳንዱ የራሱን ይጭንባታል። ባለቤቱ ዋጋውን በአደባባይ ከጻፈ ሌላው የሚጭንበት ቦታ ያጣል።

በጀትዎን ግን አይናገሩ። እኔ ያንን ስጠይቅ የምፈልገው ጣሪያዎን ነበር። 2 ሚሊዮን አለኝ ያለ ሰው 1.8 የምትሸጠዋን መኪና በ1.95 ይዞ ይሄዳል፣ ያውም «ቀነሱልኝ» ብሎ አመስግኖ። ከመደወል ይልቅ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ማስታወቂያዋን መልሰው ይላኩላቸውና «ይቺው መኪና ዛሬ ስንት ናት? ታርጋ ወጥቶላታል? ስም ማዛወሪያ፣ ቦሎና ኢንሹራንስ በማን ነው?» ይበሉ። የኤሌክትሪክ ከሆነች የቤት ቻርጀሩ ዋጋው ውስጥ ይኑር አይኑር ይጨምሩበት። ብዙ ሰው መኪናዋን ገዝቶ ቻርጀሩን ለብቻው ሲገዛ አይቻለሁ። «ይምጡና እንነጋገራለን» የሚል መልስ ካገኙ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ጥያቄ፦ ገርጂ አነስ ያለ የመኪና መሸጫ አለኝ። ዌብሳይት ላሠራ ነው። የሚሠራልኝ ልጅ ዙሪያውን የሚዞር ፎቶ፣ ራሱ የሚያወራ ቻት፣ ሙዚቃ ያለው ቪዲዮ እናድርግ ይለኛል። ዋጋው ደግሞ ቀላል አይደለም። ገዢ በእውነት የሚፈልገው ምንድን ነው?
የመሸጫ ባለቤት

መልስ፦ ሙዚቃውን ይተዉት። ሰው ቢሮ ውስጥ ሆኖ ተደብቆ ነው መኪና የሚያየው።

እኛ ጋ ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብተር ነበር። የደወለን ሰው የጠየቀውን እጽፍበት ነበር፣ አለቃዬ ሥራ እንደያዝኩ እንዲያይልኝ ብዬ። ገጹን ቢገልጡት አንድ ነው። «አለች ወይ? ስንት ናት? የስንት ዓመት ስሪት ናት? ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች? የት ናችሁ?» እነዚህ አምስቱ ገጽዎ ላይ ከላይ ከተጻፉ ቻቱ የሚያወራው ነገር አይኖርም።

ከአምስቱ ደግሞ የመጀመሪያው ይብሳል። አንድ መምህር ከደሴ ሌሊት ተነስተው በአውቶቡስ መጡ። ገጻችን ላይ የነበረችውን ነጭ ኮሮላ ፈልገው ነው። ኮሮላዋ ከተሸጠች ሦስት ሳምንት አልፏታል። አለቃዬ «አታውርዳት፣ ሰው ትጠራልናለች» ብሎኝ ነው የተውኳት። ሰውዬው አልተቆጡም። በር ላይ ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጡና ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። «ትናንት ማታ እኮ ነበረች» አሉኝ። ሻይ አዘዝኩላቸው። ሌላ መኪና አለን ስላቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ገንዘቡ ነበራቸው፣ ሊገዙም ነበር የመጡት፣ ከእኛ ግን አልገዙም። «ተሸጧል» የምትል አንዲት ቃል መጻፍ ስንት ያስወጣ ነበር?

ፎቶን በተመለከተ አንድ የራሴን ኃጢአት ልናገር። የግራ የኋላ በሯ የተጎዳባት ቪትዝ ነበረችን። ግራዋን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከቀኝ በኩል አነሳኋት። ሰባት ፎቶ፤ ሰባቱም ቀኝ። በጣም አምራ ነበር። ብዙ ሰው መጣ፣ መጥቶም ዞሮ ግራዋን አየ፣ አይቶም ሄደ። ወር ሙሉ ቆመች። መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጬ የበሩን ጭረት በቅርብ አንስቼ፣ አምስት ብር ሳንቲም አጠገቡ ይዤ፣ «ይህ ጉዳት አለባት፣ ዋጋው ታስቦበታል» ብዬ ለጠፍኩ። በዚያው ሳምንት ተሸጠች። (አምስት ብር ሳንቲም የለም የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። የአንድ ብሯ ሳንቲም ናት፣ ወሬው ሲጥመኝ ዋጋዋን ጨመርኩባት። የሻጭ አመል ነው።)

ስለዚህ አራቱም ጎን ይነሳ፤ የሾፌሩ ወንበር፣ የጎማው ጥርስ፣ ሞተር ክፍሉ፣ ዳሽቦርዱ በርቶ ኪሎ ሜትሩ ሲነበብ። ከአምራቹ ገጽ የተቀዳ የሚያብረቀርቅ ፎቶ አያድርጉ። ሰው ማየት የሚፈልገው እርስዎ ግቢ ውስጥ ያለችውን ነው።

የሻንሲ ቁጥሩንም ለጠየቀ ሁሉ ይስጡ። 17 ፊደልና ቁጥር ካለው አሥረኛው ብዙውን ጊዜ የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፦ ፒ (P) 2023፣ አር (R) 2024፣ ኤስ (S) 2025 ነው። ኪው (Q) አይገባበትም። «2024 ሞዴል» የተባለች መኪና ፒ ሆና ስትገኝ ጠያቂው ከዚያ በኋላ የሚሉትን አያምንዎትም። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ግን አጭር ቁጥር ነው ያላቸው፣ ይህ ዘዴ እነሱ ላይ አይሠራም። ይህንንም ገጹ ላይ ቢጽፉት አይጠላም።

ልጁ የሚዞረውን ፎቶ ትቶ ገጹን ቀላል ያድርግልዎ፤ በዳታ ፓኬጅ የሚያይ ሰው ፎቶ እስኪከፈት አይጠብቅም። አድራሻውም «ገርጂ» ብቻ አይሁን። ከየትኛው ሕንፃ ጀርባ፣ በየትኛው በር። እሑድ ክፍት ከሆኑ እሱንም ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ቢዋይዲ ሲጋል የምትባለውን የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ አስቤያለሁ። ገጹ ላይ አንድ ቻርጅ 305 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይላል። ቤተሰቤ ሐዋሳ ነው ያለው። ሳልቆም ያደርሰኛል?
ከሲኤምሲ

መልስ፦ አያደርስሽም እህቴ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በወረቀት ሲታይ ይበቃል። ግን 305 የሚለው ቁጥር ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና አለካክ የወጣ ነው። ይህ አለካክ በከተማ ፍጥነት ረጋ ብሎ ለሚነዳ ሰው ያደላል። ሲጋል አውሮፓ ውስጥ ዶልፊን ሰርፍ በሚል ስም ነው የምትሸጠው። ትንሿ ባትሪ፣ ማለትም 30 ኪሎዋት ሰዓት የምትይዘው፣ እዚያ የተጻፈባት 220 ኪሎ ሜትር ነው። አካሏ ላይ መጠነኛ ልዩነት አለ፤ ግን የ85 ኪሎ ሜትሩ ልዩነት በዋናነት ከአለካኩ የመጣ ነው። መሸጫዎቹ ትልቁን ቁጥር ይለጥፋሉ። እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምለጥፈው።

የኛ አገር ዳገትም በማንም ገጽ ላይ የለም። አዳማ ስትወርጂ ባትሪው ቀስ ብሎ ነው የሚቀንሰው፣ ስትመለሺ ነው ጉዱ። ሻጩን «ከአዳማ ሲመለስ ስንት ፐርሰንት በላ?» ብለሽ ጠይቂው። ነድቶት የሚያውቅ ሰው ቁጥሩን ሳያስብ ይነግርሻል።

ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንደማይገባ ካስታወቁ ወዲህ ብዙ ዓይነት መኪና በየአቅጣጫው ገብቷል። ስለዚህ ገጹ ላይ ባይጻፍም ሁለት ነገር አጣሪ። አንደኛ፣ የቻርጅ መሰኪያዋ ምንድን ነው? ለቻይና ገበያ የተሠራችው ጂቢቲ የሚባለውን ይዛ ትመጣለች፣ ለአውሮፓ የተሠራችው ሲሲኤስ ሁለትን። የምትጠቀሚበት ጣቢያ የትኛው እንዳለው ቀድመሽ እይ። ሁለተኛ፣ ዋስትናው። ከአምራቹ ገጽ የተገለበጠ «የባትሪ ዋስትና» ብዙ ቦታ አለ። «አዲስ አበባ ላይ ማን ነው የሚያከብረው? የት ጋራዥ ልሂድ?» በዪ። ስም ካልነገሩሽ ዋስትና የለሽም። የስክሪኑ ቋንቋም ቻይንኛ ብቻ እንዳይሆን አስከፍተሽ እይው።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ኡበር እሠራለሁ። አንድ ዲለር ዌብሳይት ላይ ያገለገለች ካምሪ ሃይብሪድ በጥሩ ዋጋ አየሁ። ሄጄ ስቀመጥ ወረቀቱ ላይ የፕሮሰሲንግ ክፍያ፣ የቀለም መከላከያ፣ ጎማ ውስጥ የተሞላ ናይትሮጅን ሳይቀር ተደምሮ 3,000 ዶላር ጨመረብኝ። ጥዬ ወጣሁ። ፎርም ላይ ስልኬን ስለሞላሁ ግን እስከ ዛሬ ይደውሉልኛል።
የናንተው አንባቢ

መልስ፦ እዚህ «በውስጥ መስመር»፣ እዚያ ናይትሮጅን። ጥሩ አድርገህ ነው ጥለህ የወጣኸው።

የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ላይ ዲለሮች የመንግሥት ክፍያ ብቻ የቀረውን ሙሉ ዋጋ እንዲናገሩ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቶ ነበር። ዲለሮቹ ከሰሱ፣ የይግባኝ ፍርድ ቤት ጥር 2025 እ.ኤ.አ. ላይ ውድቅ አደረገው። ስለዚህ ወደ ዲለሩ ከመሄድህ በፊት ራስህ ጠይቅ። የመኪናዋን ስቶክ ቁጥር (ዲለሩ ለመኪናዋ የሰጣትን መለያ) ጽፈህ «አውት ዘ ዶር ዋጋዋን (ሁሉም ክፍያ የተደመረበትን) በዝርዝር በኢሜይል ላኩልኝ» በል። የቨርጂኒያ የመኪና ሽያጭ ታክስ 4.15 በመቶ ነው፣ እሱን ራስህ አስላው። ከመንግሥት የታርጋና የስም ማዛወሪያ ክፍያ በቀር የቀረው መስመር የዲለሩ ነው፤ የማትፈልገውን «ይህን አውጡልኝ» ማለት ትችላለህ። በጽሑፍ የማይልክልህ ዲለር ጋ መንዳት ቤንዚን ማባከን ነው።

ያገለገለ መኪና መስኮት ላይ ዋስትና ይኑረው አይኑረው የሚገልጽ ወረቀት መለጠፍ ግዴታቸው ነው። «አዝ ኢዝ» የሚል ከሆነ ነገ ቢበላሽ ያንተ ነው። የዚያን ወረቀት ፎቶ ቀድመህ አስልክ። ቪን ቁጥሯን፣ ማለትም የሻንሲ ቁጥሯን፣ ደግሞ የአሜሪካው የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት (NHTSA) ገጽ ላይ ብታስገባ ያልተጠገነ ሪኮል (አምራቹ እጠግነዋለሁ ብሎ መኪናዎቹን የጠራበት ጉድለት) እንዳለባት በነፃ ታያለህ። ስልኩን በተመለከተ፣ ለመኪና ፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ኢሜይልና ነፃ የኢንተርኔት ቁጥር ያዝ። ስትገዛ ትዘጋዋለህ።

ጥያቄ፦ የሚለጠፉት መኪኖች ታርጋ ለምን ይሸፈናል? የተሰረቀ ይሆን እንዴ?
ሜ.፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ አይደለም። የባለቤቱን ምስጢር ለመጠበቅ የሚሸፍን አለ። ደላላው ደግሞ ባለቤቱን አግኝተው ያለ ኮሚሽን እንዳይገዙ ነው የሚሸፍነው። ፎቶው ላይ መሸፈኑ አያስጨንቅዎ። ለማየት ሲሄዱ ግን ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ሊብሬውን በእጅዎ ይያዙ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናው ጋር በዓይንዎ ያመሳክሩ፣ ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ መሆኑን በመታወቂያው ያረጋግጡ። ሻጩ ወኪል ከሆነ የውክልናውን ወረቀት ይጠይቁ። ሊብሬው «ባንክ ነው ያለው» ካሉዎት መኪናው ዕዳ አለበት ማለት ነው፤ ከእነሱ ጋር ባንኩ ድረስ ሄደው ስንት እንደቀረ ሳይሰሙ አንድ ብር እንዳያወጡ።