ዲሊት እምቢ ያለው ፋይል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ነኝ፣ የሠርግ ቪዲዮ እሠራለሁ። ጣና ዳር የቀረጽኩትን አንድ ሠርግ ኤዲት አድርጌ ለባለቤቶቹ አስረክቤአለሁ። አሁን ዲስኬ ስለሞላ ፋይሉን ላጠፋው ስል «በሌላ ፕሮግራም ተከፍቷል» እያለ እምቢ ይለኛል። ኤዲት የማደርግበትን ፕሪሚየርን ዘግቼዋለሁ፣ ሌላም የተከፈተ ነገር የለም። ኮምፒውተር ቤት ብወስደው «ፎርማት ይደረግ» አሉኝ። ላድርገው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ለአንድ ፋይል ብለህ የሌላውን ሰው ሁሉ ሠርግ ልታጠፋ ነው እንዴ? ዊንዶውስ እምቢ የሚለው አንድ ፕሮግራም ፋይሉን ስለያዘው ነው፤ እሱ እስካልለቀቀ ድረስ ዲሊትን ስትጫን ብትውል ለውጥ የለም። የታሰረ ታንኳ ገመዱ ሳይፈታ ቢቀዝፉት የት ይደርሳል? መጀመሪያ የያዘውን ፈልግ።

«የተከፈተ የለም» ያልከውን ብዙ አትመነው። መስኮቱ ቢዘጋም ፕሮግራሙ ከጀርባ ሊሠራ ይችላል። እኔ የምጠረጥረው ያለቀውን ቪዲዮ የሚያወጣውን የፕሪሚየር ጓደኛ፣ ሚዲያ ኢንኮደርን ነው፤ ቪዲዮውን ስታወጣ «ሴንድ ቱ ሚዲያ ኢንኮደር» (በድሮዎቹ ፕሪሚየሮች «ኪው») ብለህ ከነበረ ሥራው ወደሱ ይተላለፋል፣ ፕሪሚየርን ብትዘጋውም እሱ አይዘጋም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫን። የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየው ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ ሚዲያ ኢንኮደርን እዚያ ካገኘኸው ሌላ ቪዲዮ እያወጣ አለመሆኑን አይተህ «ኤንድ ታስክ» በለው።

እዚያ ከሌለ ስታርት ላይ ሪሶርስ ሞኒተር የሚባለውን ፕሮግራም ፈልግ። «ሲፒዩ» የሚለውን ገጽ ክፈትና «አሶሼትድ ሃንድልስ» ጎን ባለው መፈለጊያ የፋይሉን ስም ጻፍ፤ የያዘው ፕሮግራም ስሙ ይወጣል። ይህ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ ስለሆነ ምንም አታወርድም። ማውረድ ካማረህ ግን ከየትም የተገኘ «ማስለቀቂያ» አትጫን፣ ፋይል ሊያስለቅቅ መጥቶ ራሱ አልለቅም የሚል አለ። ፓወርቶይስ የሚባለው የማይክሮሶፍት የመሣሪያዎች ስብስብ ነጻ ነው። በውስጡ ፋይል ሎክስሚዝ አለ፣ ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ ስታደርግ ማን እንደያዘው ያሳይሃል፣ እዚያው ትዘጋዋለህ።

አንዳንዴ ደግሞ የሚይዘው ፎልደሩን የምታይበት ኤክስፕሎረር ራሱ ነው፤ የቪዲዮውን ትንሽ ምስል ለማሳየት ሲል ይከፍተዋል። ዕይታውን ወደ «ሊስት» ቀይረህ ሞክር። አንቲቫይረስም ትልልቅ ቪዲዮ ሲፈትሽ ይይዛል፣ ትንሽ ጠብቀው።

ሁሉም ካልሠራ ሪስታርት አድርግ። ሻት ዳውን አላልኩም! ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር ስላለ ሻት ዳውን ስታደርግ የሲስተሙ ክፍል ባለበት ተቀምጦ በማግሥቱ እንዳለ ይመለሳል፤ ከባዶ የሚያስነሳው ሪስታርት ነው። መብራት ቪዲዮ እያወጣህ ሳለ ሄዶብህ ከነበረ ደግሞ የዲስኩ መዝገብ ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ዋና ዋናውን ኮፒ አድርግና ዲስኩ ላይ ራይት ክሊክ ብለህ በፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ በቱልስ ገብተህ «ቼክ» በለው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ተማሪ ነኝ። የተበላሸ ላፕቶፔን ሃርድ ዲስክ አውጥቼ አዲሱ ላይ ሰካሁት። አንዱ ፎልደር ግን «ፈቃድ ያስፈልጋል» እያለ አይጠፋም። የራሴን ፎልደር ከማን ነው የማስፈቅደው?

መልስ፦ ከድሮዋ ከራስሽ! ዊንዶውስ የሚያውቅሽ በውስጥ መለያ ቁጥር ስለሆነ ስምሽ አንድ ቢሆንም አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ሌላ ሰው ነሽ። ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኩሪቲ፣ አድቫንስድ ብለሽ ግቢ። «ኦውነር» ጎን «ቼንጅ» በዪና ስምሽን ጻፊ፣ ከዚያ «ሪፕሌስ ኦውነር» የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርጊባት። ዘግተሽ እንደገና ግቢና ለራስሽ «ፉል ኮንትሮል» ስጪ፣ ከዚያ ይጠፋል። አሁን የምትሠሪበት የዊንዶውስ ፎልደር ላይ ግን ይህን እንዳትሞክሪው፣ ላፕቶፑ አልነሳም ሊልሽ ይችላል።