የሰው ቫን ወይስ የዕቃ ቫን?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለዝግጅት የሚሆን ወንበር፣ ጠረጴዛና ድምፅ ማጉያ አከራያለሁ። እስካሁን በኪራይ መኪና ነበር የምሠራው፤ አሁን ያገለገለ ቫን ልገዛ ነው። አራት ሠራተኞች አብረውኝ ይሄዳሉ። ግማሾቹ ጓደኞቼ «የሰው ማመላለሻውን ግዛ፣ ሥራ ሲጠፋ ሰው ትጭንበታለህ» ይሉኛል። ሌሎቹ «የዕቃውን ግዛና ከኋላ ወንበር አስበይድበት» ይላሉ። እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይገዙ ነበር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የብየዳውን ወሬ እንዝጋው። አይሆንም።

ለሰው በተሠራ ቫን ላይ ወንበሩና ቀበቶው የሚታሰሩበት ቦታ ከፋብሪካው ተጠናክሮ ነው የሚወጣው። የዕቃ ቫን ወለል ግን በአብዛኛው ስስ ላሜራ ነው። ዕቃ ሲቀመጥበት ይችላል። በግጭት ጊዜ ግን 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወንበሩን የሚጎትተው በክብደቱ ብዙ እጥፍ ነው። ያኔ የተበየደው ወንበር ከነሰውየው ተነቅሎ ይሄዳል። ኢንሹራንሱም ሌላ ጣጣ ነው። ለዕቃ በተመዘገበ መኪና ከኋላ ሰው ጭነህ ጉዳት ቢደርስ፣ ካሳ ለማግኘት ስትከራከር ትኖራለህ።

«ሥራ ሲጠፋ ሰው ትጭንበታለህ» የሚለውም ብዙም አልጣመኝም። ሰው ማመላለስ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ፈቃዱም ኢንሹራንሱም ሌላ ነው። ደግሞስ የብረት ወንበር ሲጎተትበት በከረመ መኪና ውስጥ ማን ደስ ብሎት ይቀመጣል?

አንተ ከነሠራተኞችህ አምስት ናችሁ። ስለዚህ እኔ ብሆን መጀመሪያ የምፈልገው ሁለት ረድፍ ወንበር ያለውን የዕቃ ቫን ነው። ከሁለተኛው ረድፍ በኋላ ያለው በሙሉ ለዕቃ የተተወ ነው። ፎርድ ትራንዚትም መርሴዲስ ስፕሪንተርም እንዲህ ያለውን ከፋብሪካ ያወጣሉ። ገበያ ላይ እንደ ሌሎቹ በብዛት አታገኘውም፤ ግን ጊዜ ካለህ ፈልገው።

ካጣኸው የሰው ማመላለሻውን ግዛና የኋላ ረድፎቹን አስፈታ። ወንበር መፍታት የብሎን ሥራ ነው፤ ብሎኖቹን ከነወንበሩ አስቀምጣቸው። ይህም ቢሆን መዝጋቢውንና ኢንሹራንሱን ሳትጠይቅ አታድርገው። «የሰው ቫን ጭነት አይችልም» የሚሉህን ግን አትስማ። 14 ሰው በአማካይ 70 ኪሎ ቢመዝን 980 ኪሎ ነው፤ አንድ ቶን ሊሞላ ምን ቀረው? የራስህን መኪና አቅም ለማወቅ፣ ከተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ላይ የባዶውን መኪና ክብደት ቀንስ። የሠራተኞችህም ኪሎ ከዚያው ላይ ነው የሚነሳው።

ልዩነቱ ሰው በወንበሩ ተደልድሎ መቀመጡ ነው። ድምፅ ማጉያ ግን በኋላ በር ይገባና እዚያው በሩ ሥር ይቀራል። ክብደቱ ከኋላ ጎማ አልፎ ሲቀመጥ ፊቱ ይቀልና መሪው ይላላል። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በ2001 እ.ኤ.አ. ስለ 15 ሰው ቫኖች ያወጣውን ማስጠንቀቂያ አስታውሳለሁ። በአንድ መኪና ብቻ በደረሱ አደጋዎች፣ 10 ሰውና ከዚያ በላይ የያዙት የመገልበጥ መጠናቸው ጥቂት ሰው ከያዙት ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋ ነበር። ሲሞሉ የክብደታቸው መሐል ከፍ ይላል፣ ወደ ኋላም ይሸሻል። ስለዚህ ከባዱን ከታችና ከፊት አድርግ፣ ቀላሉን ከላይ። ጣሪያ ላይ ምንም አትጫን።

ከሠራተኞቹ ጀርባ ደግሞ ጠንካራ የብረት መከለያ ያስፈልግሃል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄድክ ብትጋጭ፣ ያልታሰረው ድምፅ ማጉያ በዚያው 50 ፍጥነት ወደ ልጆቹ ጭንቅላት ነው የሚሄደው። የዕቃ ቫን ብዙ ጊዜ መከለያውና የገመድ ማሰሪያ ቀለበቱ አብረውት ይመጣሉ፤ በሰው ቫን ላይ ማስገጠም የአንተ ፈንታ ነው። መስኮቱም ዕቃህን ለመንገደኛ ሁሉ ያሳያል፤ መጋረጃ አድርግበት።

ሜትር ይዘህ ሂድ። የሚለካው ከግድግዳ ግድግዳ ያለው አይደለም፤ ወለሉ ላይ በሁለቱ የጎማ እብጠቶች መካከል ያለው ነው። ትልቁ ጠረጴዛህ እዚያ ካልገባ ሌላው ወሬ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሻጩ «የሰው ነው» ያለህ መኪና ድሮ የዕቃ የነበረና በኋላ ወደ ሰው የተቀየረ እንዳይሆን። የመስኮቶቹን ዙሪያ እይ፤ ላሜራው በእጅ ከተቆረጠ ጠርዙ ወጣ ገባ ይላል፣ ማስቲሹም አዲስ ነው። ቀበቶዎቹ ላይ የፋብሪካ ምልክት ፈልግ። ከዚያ ከሥር ገብተህ ወለሉን ተመልከት። ከወንበሮቹ በታች የብየዳ ጠባሳ ካየህ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ቁልፉን መልስለት።