ከኮሪያው ዶሮ በኋላ የመጣው የጎን ሕመም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናት። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር አናንዴል አንድ የኮሪያ ዶሮ ቤት ገብተን ቀዩንና የሚያቃጥለውን ዶሮ በላን። አጥንቱ አጠገብ ሥጋው ቀላ ብሎ አይቻለሁ። ከበላን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከቀኝ ጎድኔ ሥር ተነሥቶ እስከ ትከሻዬ የሚወጋ ሕመም ያዘኝ። አስመለሰኝ፤ ተቅማጥ ግን አልነበረኝም። ሕመሙ አራት ሰዓት ያህል ቆይቶ ለቀቀኝ። በፋሲካ ማግስትም እንዲሁ ሆኜ ነበር። ጨጓራ ነው ስላሉኝ ወተት ጠጣሁ፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ጀመርኩ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክም ሦስት ቀን ወሰድኩ። ዶሮው ጥሬ ነበር? አክስቴ ያረፈችው በጨጓራ ካንሰር ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ የጻፉልኝ ስለ ዶሮው ቢሆንም እንቅልፍ የነሣዎት አክስትዎን የወሰደው በሽታ ይመስለኛል። ቅባት ሲበሉ የሚነሣ፣ ከዚያ ጨርሶ የሚለቅ ሕመም የካንሰር ጠባይ አይደለም። ያለ ምክንያት መክሳት፣ በጥቂት ጉርሻ መጥገብ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ካለ ግን ነገሩ ይለያልና ለሐኪም ይንገሩ።

ዶሮውን በቀላነቱ አይፍረዱበት። የኮሪያ ዶሮ ሁለት ጊዜ ይጠበሳል፤ መጀመሪያ ሥጋው እስኪበስል፣ ወጥቶ ካረፈ በኋላ ደግሞ በጋለ ዘይት ቅርፊቱ እስኪንኮሻኮሽ። የጫጩትነት ዕድሜ ያልራቀው ዶሮ አጥንቱ ስስ ስለሆነ የመቅኒው ቀለም ወደ ሥጋው ይወጣል፤ በስሎም ቀላ ይላል። የመብሰሉ ምስክር 74 ዲግሪ ሴልሲየስ የደረሰ ሙቀት ነው። ሳልሞኔላ ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ቆይቶ፣ ያውም ተቅማጥና ትኩሳት ይዞ ነበር የሚመጣው።

እኔ የምጠረጥረው የሐሞት ጠጠር ነው። ቅባት ሲገባ የሐሞት ከረጢት ይጨመቃል፤ ጠጠሩ አንገቱ ላይ ሲወተፍ ያ ሕመም ይነሣል። በሴቶች፣ በተለይ በወለዱት፣ ይበዛል። ለከረጢቱ ሁለቴ የተጠበሰ ዶሮና ቅቤ የበዛበት የፋሲካ ዶሮ ወጥ አንድ ናቸው፤ በርበሬው ጥፋት የለበትም።

ወተቱስ? ቅባት ያለው ወተት ራሱ ከረጢቱን ያስጨምቃል። «ጨጓራ ነው፣ ወተት ጠጪ» የሚለው ምክር ስንቱን አንገላቷል! ሲፕሮው ደግሞ አሳዝኖኛል። ጠጠር አያሟሟም፤ ጅማት ሊጎዳ ይችላል፤ ምርመራዎንም አዘግይቷል። የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ኤች ፓይሎሪ፣ በትንፋሽ ወይም በሰገራ በትክክል እንዲታይ ከኦሜፕራዞል 2 ሳምንት፣ ከአንቲባዮቲክ 4 ሳምንት መራቅ ያስፈልጋል። በአክስትዎ ምክንያት ያን ምርመራ ቢያደርጉት ደስ ይለኛል፤ አሁን ግን ሊጠብቁ ነው። ሰው በሻንጣ ያመጣውን መድኃኒት እባክዎ ከእንግዲህ አይዋጡ።

አሁን አጥብቄ የምነግርዎ ስለ ዓይንዎ ነው። ጠጠሩ ወርዶ ዋናውን የሐሞት ቱቦ ከዘጋ ሐሞት ወደ ደም ይመለሳል፤ ዓይን ቢጫ ይሆናል። በጠይም ቆዳ ላይ ቢጫነት ቶሎ አይለይም። የብዙዎቻችን ዓይን ነጩ ክፍል ደግሞ በተፈጥሮው ቡናማ ጥላ ስላለው ያሳስታል። ስለዚህ በአምፖል አይመልከቱት። ጠዋት መስኮት አጠገብ ቁመው ወደ ታች ይዩ፤ ሰው የላይኛውን የዓይን ቆብ ቀስ ብሎ ያንሣልዎ። ቆቡ ሸፍኖት የኖረው ክፍል ነጭ መሆን አለበት። ምላስዎን አንሥተውም ሥሩን ይዩ። ሽንት ጠቆር ያለ ሻይ ከመሰለ፣ ሰገራም ከነጣ፣ ምልክቱ ያው ነው። በዚህ ላይ የሚያንቀጠቅጥ ብርድና ትኩሳት ከተጨመረ ቱቦው አመርቅዟል ማለት ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ያሰጋል። ሌሊትም ቢሆን 911 ይደውሉ። ሕመሙ ከ6 ሰዓት በላይ ካልለቀቀም እስኪነጋ አይጠብቁ። «ኢንሹራንስ የለኝም» ብለው እንዳይቀሩ፤ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መርምሮ የማረጋጋት ሕጋዊ ግዴታ አለበት።

ምንም ከሌለ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ይያዙ። የላይኛው ሆድ አልትራሳውንድና የጉበት የደም ምርመራ ይጠይቁ፤ ለአልትራሳውንዱ 8 ሰዓት ያህል ሳይበሉ ይሂዱ። ጠጠር ከተገኘ፣ የሚያሳምም ስለሆነ፣ ከረጢቱን በትንንሽ ቀዳዳ ማውጣት የተለመደ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ብዙዎች በዚያው ቀን ወደ ቤት ይመለሳሉ። እስከዚያው ጥብስና ቅቤ ይተዉ፤ ሽሮና ምስር ዘይቱን አሳንሰው ይብሉ። የወሰዷቸውን መድኃኒቶች ማሸጊያ ይዘው ሄደው፣ በየትኛው ቀን እንደጀመሩና እንዳቆሙ ሳይደብቁ ይንገሩ።