የውጭ ገበያ ጥገኝነት፦ ከኮምቦልቻ ያየሁትን ልንገርሽ

እህቴ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ «ዓለም አቀፍ ኩባንያ በውጭ ገበያ ላይ ጥገኛ ሲሆን ትርፉ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የአንድ የውጭ ልብስ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ሠርቻለሁና ካየሁት ልነሳ።

የምንሰፋው ሁሉ አሜሪካ ነበር የሚሄደው። በአጎዋ፣ ማለትም አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ገበያ በምትከፍትበት ሕግ፣ ከቀረጥ ነፃ ይገባ ነበር። ያለ አጎዋ ግን የጥጥ ቲሸርት ያኔ 16.5 በመቶ ይቀረጥ ነበር፤ በአንድ ቲሸርት የምናገኘው ትርፍ ሳንቲም ስለሆነ ይህን የምንችልበት አቅም አልነበረንም። ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ኮምቦልቻ ገባ። በዚያው ሰሞን አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደምታስወጣ አሳወቀች፣ ታኅሣሥ 23 ላይም ተፈጻሚ ሆነ። ስንመለስ የተዘረፈው ዕቃ ይተካል እንበል፣ ትዕዛዙን ግን ማን ይመልሰው? እናት ኩባንያው ሌላ አገርም ፋብሪካ ስለነበረው ሥራውን ወደዚያ አዞረው። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው ይሠሩ የነበሩት ልጆች ግን ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤተሰባቸው ሄዱ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ሌላው ምንዛሬ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። እዚሁ ኮምቦልቻ ያለውን ቢራ ፋብሪካ ውሰጂ፤ ባለቤቱ የፈረንሳዩ ካስቴል ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት የሚሸጠው በብር ነው፤ 57 ሚሊዮን ብር ቢያተርፍ በፊት አንድ ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ዶላር 114 ሲገባ ግማሽ ሚሊዮን ብቻ ይሆናል። ፓርኩ ውስጥ ያለ ላኪ ደግሞ በዶላር ሸጦ ደመወዝ በብር ስለሚከፍል ያው ለውጥ ይጠቅመዋል። ከተማው አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ!

ስለዚህ «ሽያጩ ስንት በመቶው ከውጭ ነው» የሚለው ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግርሽም። የስዊዘርላንዱን የምግብ ኩባንያ ኔስሌን እዪው፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ የሚሸጠው ከጠቅላላው ጥቂቱን ነው፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ የውጭ ገበያ ጥገኛ ነው። ሪፖርቱን የሚያወጣው በአገሩ ገንዘብ በስዊዝ ፍራንክ ስለሆነ ፍራንክ ሲጠነክር ሪፖርቱ ላይ ሽያጩ ይቀንሳል፣ ግን ብዙ አገር ስለሚሸጥ አንዱ ገበያ ቢዘጋበት አይወድቅም። እኛን የጣለን የውጭ ገበያ ሳይሆን አንድ ገበያ ብቻ መሆኑ ነው።

አብሽሪ፣ ዳታውም አያስቸግርሽም። አይኤፍአርኤስ 8 የሚባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት መስፈርት አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ኩባንያዎች ገቢያቸውን ከአገር ውስጥና ከውጭ ለይተው፣ ከአንድ ደንበኛ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ካገኙም ይህንኑ እንዲገልጹ ያስገድዳል። ዓመታዊ ሪፖርታቸው መጨረሻ ላይ ያሉት ማብራሪያዎች ውስጥ ፈልጊው። ሽያጩና ወጪው በየትኛው ገንዘብ እንደሆነም ለይተሽ መዝግቢ።