ስለ ቀይዋ የዛፍ አይጥና ስለ ኦሪገን ነባር ደን፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይህች አይጥ ከሌሎቹ በምን ትለያለች?

መልስ፦ ቀይዋ የዛፍ አይጥ የምትገኘው በአሜሪካ አገር፣ በምዕራብ ኦሪገንና በሰሜን ምዕራብ ካሊፎርኒያ ብቻ ሲሆን፣ ዕድሜዋን ከሞላ ጎደል በዛፍ ላይ ትጨርሳለች። ዋና ምግቧ ዳግላስ ፈር የተባለው ዛፍ መርፌ መሰል ቅጠል ነው። በቅጠሉ ሁለት ጠርዞች የሚያልፉትን የሙጫ ቧንቧዎች በጥርሷ ልጣ የቀረውን ትበላለች፤ የተላጡትን ክሮች ደግሞ ለጎጆዋ ምንጣፍ ታደርጋቸዋለች። ውኃም ከቅጠሉና ቅጠሉ ላይ ከሚያርፈው ጤዛ ስለምታገኝ ወደ መሬት የምትወርደው ከስንት አንዴ ነው።

ጥያቄ፦ ዳግላስ ፈር በወጣት ደንም ሞልቷል። ታዲያ ለእሷ ነባሩ፣ ማለትም ለዘመናት ሳይቆረጥ የቆየው ደን ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ጎጆዋ በወጣት ደንም ይገኛልና። ሆኖም መቶ ዓመታትን ያስቆጠረ ዛፍ ጎጆ ተደላድሎ የሚቀመጥባቸው ወፋፍራም ቅርንጫፎችና የተሰበረ አናት ይኖሩታል፤ ቅርንጫፎቹም ከአጠገቡ ዛፎች ጋር ስለሚነካኩ እንስሳዋ መሬት ሳትረግጥ ከዛፍ ወደ ዛፍ ትሻገራለች። በአንድ ጊዜ የምትወልደው ጥቂት ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ከጠፋችበት ስፍራ ተመልሳ ለመስፋፋት ረጅም ጊዜ ይፈጅባታል። በእኔ እምነት፣ አንድ ግዙፍ ዛፍ ብቻውን አስቀርቶ ዙሪያውን መመንጠር እሷን ጠበቅሁ አያሰኝም።

ጥያቄ፦ ጥቅጥቅ ካለ ወጣት ደን ከፊሉን ዛፍ ቆርጦ ደኑን ማሳሳትስ?

መልስ፦ የቀሩት ዛፎች ፈጥነው እንዲወፍሩ ይረዳል፤ ነገር ግን የቅርንጫፎቹን መያያዝ ስለሚበጥስ አይጢቱንም ሆነ በራሪውን ስኩዊረል (ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚንሳፈፈውን ትንሽ እንስሳ) ለዓመታት ይጎዳል። ስለዚህ እንስሳቱ ዛሬ ከሚኖሩበት ስፍራ ርቆ፣ ያልተነኩ ክፍሎችን በመካከል እያስቀሩ መሥራት ይሻላል። ስኩዊረሉ የሚያድርባቸው ውስጠ ክፍት የሆኑ፣ ቆመው የደረቁ ዛፎችም መቆረጥ የለባቸውም።

ጥያቄ፦ ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ በ1994 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሰሜን ምዕራብ ደን ዕቅድ፣ በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ ዛፍ ከመቆረጡ በፊት ጎጆዋ እንዲፈለግ አስገድዶ ነበር። የግል መሬትን አይመለከትም።

ጥያቄ፦ ጎጆዋን ከመሬት ሆኖ ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ መጠርጠር እንጂ ማረጋገጥ አይቻልም፤ የወፍና የስኩዊረል ጎጆም ይመስላል፣ ብዙውም በቅጠል ተሸፍኖ አይታይም። ሰው ዛፉ ላይ ወጥቶ የሙጫ ክሮቹን ማየት አለበት። ክሮቹ አረንጓዴ ከሆኑ ጎጆው ባለቤት አለው። ቡናማ ቢሆኑም ቆረጣ አይፈቀድ እላለሁ፤ አንዷ የለቀቀችውን ጎጆ ሌላዋ መልሳ ትገባበታለችና።