«ና» ለሚል ሰው «ቤን» አይከብደውም፦ የስፓኒሽ ትእዛዝ ጥያቄና መልስ

ስፓኒሽ የጀመራችሁ ሰዎች የትእዛዝ ነገር እንዳስቸገራችሁ ጽፋችሁልኛል። እኔ ቋንቋውን የለመድኩት ሜሪላንድ ውስጥ ምግብ ቤት ስሠራ፣ ከድስትና ከሰሃን ጋር ነው፤ መጽሐፉን ያነበብኩት በኋላ ነው። ቃላቱን በድምፃቸው በፊደላችን እጽፋለሁ። ለ«ብ» ሁለት ፊደል አላቸው፤ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ነው የሚያነቡት።

«ቤኒር» (መምጣት) በደንቡ ትእዛዙ «ቢዬኔ» መሆን ነበረበት። ለምን «ቤን» ሆነ?

ደንቡን በደንብ ይዘኸዋል። ለቅርብ ሰው የሚሰጥ ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ «እሱ ያደርጋል» ከሚለው መልክ ጋር አንድ ነው። «ኮሜ» «ይበላል»ም ነው፣ «ብላ»ም ነው። «ቤኒር» ግን ከዚህ ካፈነገጡት ስምንት ግሶች አንዱ ነው።

ከመቆጣትህ በፊት የራሳችንን እይ። ከ«በላ» «ብላ»፣ ከ«ሄደ» «ሂድ» እንላለን። ከ«መጣ»ስ? እናትህ «ምጣ» ብላ ጠርታህ ታውቃለች? «ና» ነው የምትልህ። ስትከለክልህ ደግሞ «አትና» አትልም፣ «አትምጣ» ትላለች። ስፓኒሽም እንዲሁ ነው፤ ሲጠራ «ቤን»፣ ሲከለክል «ኖ ቤንጋስ»። አጭሩ ቃል ክልከላ ውስጥ አይገባም። ይህን ጠባይ ከልጅነትህ ጀምሮ በአፍህ ይዘኸው ኖረሃል። እንዲያውም የነሱ ይቀላል፦ «ና»ም «ነይ»ም ለነሱ «ቤን» ነው።

የቀሩት ሰባቱስ?

ቴን (ያዝ)፣ ፖን (አስቀምጥ)፣ ሳል (ውጣ)፣ አስ (አድርግ)፣ ዲ (በል)፣ ቤ (ሂድ)፣ ሴ (ሁን)። «ቴን» ዕቃ ሲያቀብሉህም ይሉሃል፤ ያኔ የኛ «እንካ» ነው። «ሳል» ጨውም ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ ስትሰማው በሩን ከማየትህ በፊት ድስቱን እይ። «ቤ» ደግሞ «ተመልከት» ማለትም ይሆናል፣ ግን ለዚያ ሰው የሚጠቀመው «ሚራ»ን ስለሆነ ብዙ አያምታታም።

ጋሼ፣ ቨርጂኒያ ነው የምሠራው። የሥራ ጓደኞቼ ኤል ሳልቫዶሮች ናቸው። «ቤን» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፣ «ቤኒ» ነው የሚሉት። እነሱ ናቸው የተሳሳቱት ወይስ መጽሐፌ?

ማንም አልተሳሳተም እህቴ። መጽሐፍሽ «አንተ/አንቺ»ን «ቱ» ብሎ አስተምሮሻል። ኤል ሳልቫዶሮች እርስ በርሳቸው «ቦስ» ይባባላሉ፤ አርጀንቲናም እንደዚያው። የ«ቦስ» ትእዛዝ ደግሞ ለጀማሪ ስጦታ ነው፦ ከግሱ ስም መጨረሻ «ር»ን ጣይና የመጨረሻውን ድምፅ ጠበቅ አድርጊ። ቤኒር፣ ቤኒ። ፖኔር፣ ፖኔ። ሳሊር፣ ሳሊ። አሴር፣ አሴ። ያ ሁሉ ማፈንገጥ ይጠፋል። የሚያስቸግረው «ኢር» (መሄድ) ብቻ ነው፤ ለሱ ከሌላ ግስ ተበድረው «አንዳ» ይላሉ። አንቺ «ቤን» ብትዪም ይገባቸዋል፣ ግን እዚያው ከዋልሽ የነሱን ያዢ።

ለትልቅ ሰው «ቤን» ብል ነውር ነው?

ጋሽ እገሌን «ና» እንደማለት ነው። እኔ ራሴ አንዲት ጸጉራቸው የሸበተ ደንበኛን «ቤን» ብዬ ጠርቼ፣ አለቃዬ በዓይኑ ቆንጥጦኛል። «ቤንጋ» ነበር የሚባለው። አሠራሩ፦ «እመጣለሁ» ማለት «ቤንጎ» ነው፤ መጨረሻውን ወደ «ጋ» መልሰው። ቴንጎ፣ ቴንጋ። ፖንጎ፣ ፖንጋ። ዲጎ፣ ዲጋ። ከስምንቱ «ኢር» እና «ሴር» (መሆን) ብቻ ለብቻቸው «ባያ»፣ «ሴአ» ይሆናሉ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። «ኡስቴድ» (እርስዎ) የተወለደው «ጸጋዎ» እንደማለት ካለው ከ«ቡዌስትራ ሜርሴድ» ነው። ስለዚህ የሚያዙት ሰውየውን ሳይሆን ጸጋውን ነው፣ «ይምጣ» ብለው። የኛም «እርስዎ» ሥሩ «ራስ» ነው፤ እኛም «ና» ትተን «ይምጡ» እንላለን። ፊት ለፊት የቆመን ሰው እንደሌለ አድርጎ ማክበር የሁላችንም ነው።

«ዲሜሎ» ሦስት ቃል ነው አሉኝ። እውነት?

ዲ (በል)፣ ሜ (ለኔ)፣ ሎ (እሱን)፤ በአንድ ላይ «ንገረኝ» ነው። እኛ አንድ ቅጥያ ላይ እናቆማለን፣ እነሱ ሁለት ይደርባሉ። ሲከለክሉ ግን ቅጥያዎቹ ተነቅለው ወደ ፊት ይሄዳሉ፦ «ኖ ሜ ሎ ዲጋስ»።

በዚሁ መንገድ «ቤ» ላይ «ቴ» ሲጨመር «ቤቴ» ይሆናል፣ «ሂድልኝ፣ ሂድ ከዚህ» ማለት ነው። አንድ ምሽት ሜክሲኳዊው ወጥ ሠሪያችን «ቤቴ አ ላ ካሳ» አለኝ። እኔ የሰማሁት የራሴን «ቤቴ» ነው፤ ሽርጤን ፈትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለካ እሱም ያለኝ ይህንኑ ነበር፦ «ሂድ ወደ ቤት»።

«ቤንዴሲር» (መባረክ) ውስጥ የ«ዲ» እናት «ዴሲር» (ማለት) ስላለ ትእዛዙ «ቤንዲ» ነው?

አይደለም፣ «ቤንዲሴ» ነው፤ ወደ ደንቡ ተመልሷል። «ማልዴሲር» (መርገም)ም «ማልዲሴ» ይላል። የ«ቴኔር» (መያዝ፣ ትእዛዙ «ቴን») ልጆች ግን እናታቸውን ይከተላሉ፦ «ማንቴኔር» (መጠበቅ) «ማንቴን» ነው።

ማድሪድ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እመቤቲቱ ስልክ ባነሱ ቁጥር «ዲጋሜ!» ይላሉ፤ ደዋዩን የሚቆጡት ይመስለኛል።

ቃል በቃል «ይንገሩኝ» ነው፣ ዲጋ እና ሜ። ቁጣ የለበትም፤ «አቤት» እያሉ ነው።