ቀጥ ብሎ የወጣውን ቅርንጫፍ አታስደግፈው

ወንድሜ፣ «ወደ ታች የሚንዠረገገው የጃፓን ሜፕል ዛፌ ዘንድሮ ቀጥ ያለ ጠንካራ ቅርንጫፍ አወጣ፤ በእንጨት ላስደግፈው ወይስ ልተወው?» ላልከው፣ እንጨቱን አስቀምጥና መቀስ አምጣ። እኔም የተሸወድኩት በዚሁ ነው።

1. ጎንበስ ብለህ ግንዱን እይ። እነዚህ ዛፎች የሚባዙት በግራፍቲንግ ነው፤ የሚንዠረገገው ዓይነት ቀጥ ብሎ በሚያድገው ተራ የጃፓን ሜፕል ግንድ ላይ ይቀጠላል። መቀጠያው ጉብ ያለ ወይም የቅርፊቱ መልክ የሚለወጥበት ቦታ ነው፤ በጣትህ ስትዳብሰው ታገኘዋለህ። ቅርንጫፉ ከዚያ በታች ከወጣ የገዛኸው ዛፍ አይደለም፣ ከሥር ያለው የተራው ሜፕል ነው።

2. ቅጠሉን አወዳድር። የእኔ ክሪምሰን ኩዊን የሚባለው ነበር፤ ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ፣ ጥቁር ቀይ። አዲሱ ግን አረንጓዴና እንደ መዳፍ ሰፋ ያለ። ልዩነቱ ዓይን ያወጣ ነበር፤ እኔ ግን «በመጨረሻ ጉልበት አገኘ» ብዬ ማዳበሪያ ጨመርኩለት! እንግዳ ሲመጣ «በአንድ ዓመት ክንድ ሙሉ አደገ» እያልኩ አስጎበኝ ነበር። የሚንዠረገገው በተፈጥሮው ዘገምተኛ መሆኑን ማን ነግሮኝ።

በሦስተኛው ዓመት አረንጓዴው ከላይ ዣንጥላ ሆነበትና ቀዩ ከሥር ይደርቅ ጀመር። ፎቶ ይዤ ወደ ሸጠልኝ ሰው ሄድኩ። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ዛፍ ገዛህ፣ ዛፉ አደገልህ፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። «ከመቀጠያው በታች የሚበቅለውን ቁረጥ» ማለት ምን ይከብደው ነበር? ስለ መትከያው ዕቃ ቀለም ግን ሩብ ሰዓት አውርቶልኛል። ያ ዛፍ አሁንም ቆሟል። ቀዩ ሁለት ቅርንጫፍ ብቻ ስለቀረው ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ እንዲሆን ተውኩት። ጥሩ ዛፍ ነው፤ የገዛሁት ግን እሱን አልነበረም።

3. ስትቆርጥ ጉቶ አታስቀር፣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ከአፈር ሥር ከወጣ አፈሩን ገለጥ አድርገህ ከመነሻው ቁረጥ። ከመቀጠያው በላይ ከሆነና ቅጠሉም እንደሌላው ከሆነ ግን አትንካው፤ እሱን ከፍ እንዲልልህ ብታስደግፈውም ያምርበታል፣ ባታስደግፈው ራሱ ይጎነበሳል።

ስለ ውሃና ስለ ከሰዓት ፀሐይ ሌሎች ይነግሩሃል። እኔ የምጨምረው አፈሩ ላይ የምታለብሰውን ጉዝጓዝ ግንዱ ላይ አትከምር የሚለውን ብቻ ነው። ቅርፊቱን ያበሰብሰዋል፣ በዚያ ላይ መቀጠያውን ይሸፍነዋል። የእኔ ጉድ የጀመረው እዚያ ሥር ተደብቆ ነው።

ሁለተኛውን የሚንዠረገግ ሜፕል ከተከልኩ አምስት ዓመት ሆነኝ፤ መሬት ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። ትናንት ጠዋት የክብሪት እንጨት የምታህል አረንጓዴ ቀንበጥ ከመቀጠያው በታች አገኘሁና በጥፍሬ ቀነጠስኳት። የአንተን መቀጠያ በቅርብ ፎቶ አንስተህ ላክ፤ ከመቁረጥህ በፊት አይልሃለሁ።